ሞስ፦ ድምፅ የሌለው የአየር ምስክር

ሰው የሚጠጣው ውሃ ቢደፈርስ ዓይኑ ያየዋል፤ የሚበላው ምግብ ቢበላሽ አፍንጫው ይነግረዋል። የሚተነፍሰው አየር ሲበከል ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስጠነቅቀው የለም። በታላላቅ ከተሞች የአየርን ብክለት የሚለኩ መሣሪያዎች ይተከላሉ። እነዚህ መሣሪያዎች ውድ ከመሆናቸውም በላይ ኤሌክትሪክና የሠለጠነ ባለሙያ ይሻሉ። ስለሆነም በሰሜን ኬንያ፣ ከሞያሌ በስተምዕራብ በኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ እንደምትገኘው እንደ ኡራን ላሉ የአርብቶ አደር መንደሮች ሌላ ዘዴ መፈለግ ይገባል። ከዘዴዎቹ አንዱ ሞስ በተባለው ትንሽ ዕፅ መጠቀም ነው።

ሞስ በእርጥብ ድንጋይና በዛፍ ግንድ ላይ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ ተነጥፎ የሚታይ፣ አበባ የማያወጣ ዕፅ ነው። እውነተኛ ሥር ስለሌለው ምግቡን በአብዛኛው የሚያገኘው ከዝናብ፣ ከጤዛና ከአቧራ ነው። በዚህም ምክንያት በአየር ውስጥ የሚገኙት እርሳስ፣ ካድሚየምና ናይትሮጂን በአካሉ ውስጥ ይጠራቀማሉ። ዕፁ ተሰብስቦ፣ ደርቆና ተፈጭቶ በላቦራቶሪ ሲመረመር በአካባቢው ላይ ምን ሲወርድ እንደቆየ ይገልጻል።

ይህን ዘዴ የስዊድን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አስፋፉት። ከ1990 ጀምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በየአምስት ዓመቱ ሞስ እየሰበሰቡ ይመረምራሉ። በአሜሪካ በፖርትላንድ ከተማም እ.ኤ.አ. በ2013 ከዛፎች ላይ 346 ናሙናዎች ተወስደው ሲመረመሩ፣ ባለቀለም መስታወት በሚሠራበት ሠፈር ብዙ ካድሚየም ተገኘ። ኋላም መሣሪያ ተተክሎ ነገሩ ተረጋገጠ። ነዋሪው ያላወቀውን አደጋ በመጀመሪያ የጠቆመው ይህ የተናቀ ዕፅ ነበር።

«ፋብሪካ በሌለበት በኡራን ይህ ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ከኢሲዮሎ ወደ ሞያሌ የሚወስደው ጎዳና አስፋልት ከለበሰ፣ በሞያሌም የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ከተመረቀ ወዲህ አካባቢው ለከባድ መኪናዎች ይበልጥ ክፍት ሆኗል። የመኪና ጭስ ደግሞ ሳንባን የሚጎዳ የናይትሮጂን ጋዝ ይዟል። ናይትሮጂን ከመጠን በላይ መሬት ላይ ሲወርድም አንዳንዱን ተክል አፋፍቶ ሌላውን ያጠፋል፤ ይህም ኑሮው በግጦሽ ለተመሠረተ ሕዝብ ቀላል ነገር አይደለም። ኡራን ከዋናው ጎዳና ራቅ ያለች በመሆኗ የዛሬው አየሯ ለነገው ማመሳከሪያ ሊሆን ይችላል። የንጹሑ መጠን አስቀድሞ ካልተመዘገበ የቆሸሸው በምን ይለካል?

እርግጥ ሞስ በደረቅ ቆላ እንደ ልብ አይበቅልም። ይሁንና ከእርጥብ ደጋ የመጣ ንጹሕ ሞስ በወንፊት ከረጢት ተደርጎ ለጥቂት ሳምንታት ከፍ ባለ ቦታ ቢሰቀል ሥራውን በመጠኑ ያከናውናል። ከረጢቱ ከበረት መራቅ አለበት፤ የከብት ፍግና ሽንትም የናይትሮጂን ጋዝ ስለሚያወጣ የፍጉ ከመኪናው ጋር ተደባልቆ ያሳስታልና። ደግሞም ሞስ የየሰዓቱን የአየር ሁኔታ ስለማይናገር መሣሪያን ፈጽሞ አይተካም። መሣሪያው በየት ቢተከል እንደሚበጅ ግን ይጠቁማል።

ከረጢት መስቀል፣ ቀኑንና ቦታውን መመዝገብ፣ ናሙናውንም ለምርመራ መላክ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በመምህራቸው መሪነት ሊፈጽሙት የሚችሉት ተግባር ነው። በሞያሌ ወሰን ግራና ቀኝ ያሉ ትምህርት ቤቶች ውጤታቸውን ቢያስተያዩ ደግሞ ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል፤ ነፋስ የድንበር ኬላ አያውቅምና። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አደጋን ገና በጧቱ መከላከል እንደሚገባ ለማስተማር ነው። አየሩ ገና ንጹሕ በሆነበት አገር ምዝገባውን የሚጀምር ትውልድ ይህን ምክር በሥራ ይተረጉመዋል።