ጅቡቲ ወይስ ጅዳ? ቴርሞሜትሩ ስለማይነግረን ሙቀት

ከጭሮ፣ ከገለምሶ፣ ከበዴሳም ሆነ ከሂርና ወጥቶ ኑሮውን በሌላ ስፍራ ለመመሥረት የሚያስብ ወጣት አስቀድሞ ስማቸውን የሚጠራቸው የባሕር ዳር ከተሞች ሁለት ናቸው፤ ጅቡቲና ጅዳ። የመጀመሪያዋ በባቡርም በመኪናም የሚደረስባት፣ የአገራችንን ጫት በየዕለቱ የምትቀበል የቅርብ ጎረቤት ናት። ሁለተኛይቱ ከቀይ ባሕር ማዶ ያለች፣ የሪያሏ ነገር በየሰፈሩ የሚወራላት ከተማ ናት። ሁለቱ በየሻይ ቤቱ ሲመዘኑ የሚነሡት ደመወዝ፣ ቋንቋ፣ ዘመድና የመኖሪያ ፈቃድ ናቸው። የአየሩ ጉዳይ ግን «ሁለቱም ሙቅ ናቸው» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ጠለቅ አድርጌ አስቤበታለሁ የሚለውም «ሚኤሶን የቻለ ጅቡቲንም ጅዳንም ይችላል» ሲል ይደመጣል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የፊዚክስ መምህር በመሆኑ ስለ ደመወዝና ስለ ፈቃድ ለመምከር ብቃቱ የለውም። ስለ ሙቀት ግን የሚለው አለው። የሁለቱ ከተሞች ሙቀት በዓይነቱ ይለያያል፤ ሁለቱም ከሚኤሶ ሙቀት ይለያሉ፤ ይህንን ልዩነት አለማወቅም የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

እንደሚታወቀው የሰው አካል ሙቀት አመንጪ ሞተር ነው። ዐርፎ የተቀመጠ ጎልማሳ 100 ዋት ያህል፣ ማለትም የአንድ የድሮ አምፑል ያህል ሙቀት ያመነጫል። ሲሚንቶ የሚሸከም ወይም ከመርከብ ጆንያ የሚያራግፍ ሠራተኛ 400 ዋትና ከዚያም በላይ ሊያመነጭ ይችላል። ይህ ሙቀት ሳያቋርጥ ከአካል መውጣት አለበት። ካልወጣ የሰውነት ሙቀት ከ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተነሥቶ ወደ 40 ያመራል፤ ከዚያ ላይ ሲደርስ አእምሮ መሳት፣ ቀጥሎም ሞት ይመጣል። በጭሮ አየር ነገሩ ቀላል ነው። የቆዳችን ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ፣ አየሩ ደግሞ 25 ወይም 27 ስለሚሆን ሙቀቱ በራሱ ጊዜ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይፈስሳል። አየሩ ከቆዳችን ሲበልጥ ግን ፍሰቱ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ አካባቢው ራሱ እኛን ማሞቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ የሚቀረን መውጫ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ላብ ነው።

ላብ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። አንድ ኪሎ ግራም ላብ በሚተንበት ጊዜ 2.4 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ከቆዳ ላይ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ 400 ዋት የሚያመነጨው ሠራተኛ ሙቀቱን በላብ ብቻ ማስወገድ ካለበት በሰዓት 600 ግራም ገደማ ማትነን ይኖርበታል። ማትነን ማለቴ ልብ ይባልልኝ፤ ተንጠባጥቦ መሬት ላይ የወደቀ ላብ ከዚህ ሒሳብ አይገባም። እናቶቻችን ይህን ሕግ የሚያውቁት ከመጽሐፍ አይደለም። ውሃውን በሸክላ እንስራ ሞልተው ጥላና ነፋስ ካለበት የሚያኖሩት እንስራው እንዲያልበው ነው። በሚኤሶ ጠራራ ከእንስራ የተቀዳ ውሃ ጉሮሮ የሚያርሰው የሚኤሶ አየር ደረቅ ስለሆነ ነው። ያንኑ እንስራ በነሐሴ ማታ ጅዳ ብናስቀምጠው ውጪው እንደ ረጠበ ይቆማል እንጂ ውስጡ እምብዛም አይቀዘቅዝም፤ አየሩ የባሕሩን ተን ስለ ጠገበ ተጨማሪ ለመቀበል ዳተኛ ነው። የሰው ቆዳም በዚህ ረገድ ከእንስራው አይለይም።

የሙቀቱንና የእርጥበቱን ጫና ባንድነት የሚያሳይ ቀላል መለኪያ አለ። የቴርሞሜትርን ጫፍ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለን ነፋስ ብናሳልፍበት ትነቱ የቻለውን ያህል ያቀዘቅዘውና አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ይህ ንባብ የእርጥብ ቴርሞሜትር ሙቀት ይባላል። ላብ በተሻለ ሁኔታ ላይ ቢሠራ ሊያደርሰን የሚችለውን የቅዝቃዜ ወለል የሚያመለክት ስለሆነ ከተራው ቴርሞሜትር ይልቅ ስለ ሰው ይናገራል።

ለማነጻጸር ያህል ሦስት ዓይነት አየር እንውሰድ። ቁጥሮቹ የተመረጡት ለማስረጃነት እንጂ የአንድ የተወሰነ ቀን መዝገብ አይደሉም። በሚኤሶ ሜዳ በበጋ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪና 25 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ቢኖር የእርጥብ ቴርሞሜትሩ 21 አካባቢ ያነብባል። በጅቡቲ በሐምሌ፣ ኸምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ፣ 42 ዲግሪና 30 በመቶ እርጥበት ቢሆን ንባቡ 27 ይደርሳል። በጅዳ በነሐሴ መጨረሻ 36 ዲግሪና 65 በመቶ እርጥበት ብንወስድ ደግሞ ንባቡ 30 ነው። እንግዲህ ጅዳ በተራው ቴርሞሜትር ከጅቡቲ በ6 ዲግሪ ትቀዘቅዛለች፤ በእርጥቡ ግን በ3 ዲግሪ ትበልጣለች። ከሚኤሶ ጋር ስናስተያያት ደግሞ ተራው ቴርሞሜትር የሚያሳየው ልዩነት 1 ዲግሪ ብቻ ሲሆን እርጥቡ 9 ዲግሪ ያሳያል። «ሚኤሶን የቻለ» የሚለው አባባል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ገደቡስ የት ነው? እ.ኤ.አ. በ2010 ስቲቨን ሸርውድና ማቲው ሁበር የተባሉ ተመራማሪዎች የእርጥብ ቴርሞሜትሩ 35 ዲግሪ ከደረሰ ጤነኛ ሰው በጥላ ሥር ራቁቱን ቢቀመጥ እንኳ ለሰዓታት ሊቋቋመው እንደማይችል አስልተው አሳዩ፤ ቆዳውና አየሩ እኩል ስለሚሆኑ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወጣትና ጤነኛ ፈቃደኞች ቀላል እንቅስቃሴ እያደረጉ ሲፈተኑ ግን ገደቡ ቀድሞ ተገኘ፤ በእርጥብ አየር 31 አካባቢ፣ እጅግ በጋለ ደረቅ አየር ደግሞ ከ25 እስከ 28። በደረቁ ዝቅ ያለው የሰው አካል በሰዓት ሊያመነጨው የሚችለው ላብ መጠን ስላለው ነው። ሸክም የሚሸከም፣ የታመመ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ገደቡ ከዚህም በታች እንደሚሆን መናገር አያሻም።

ከላይ የጠቀስናቸው የጅቡቲና የጅዳ አየሮች እንግዲህ ሁለቱም ከገደቡ አፋፍ ላይ ናቸው፤ አገዳደላቸው ግን ይለያያል። ደረቁ ሙቀት የሚገድለው በውሃ ጥም ነው። ላቡ ወዲያው ስለሚተን ቆዳው ደረቅ ይመስላል፤ ሰውየው ምን ያህል ውሃ እንዳጣ አይታወቀውም። በአሳል ሐይቅ አካባቢ ወደ ኦቦክ በእግራቸው ሲጓዙ በጥም የቀሩት ወገኖቻችን ታሪክ ይህ ነው። እርጥቡ ሙቀት ግን ውሃ ጠጥቶ የጠገበውንም ይገድላል፤ ላቡ ይፈስሳል እንጂ አይተንምና። በደረቁ አገር የውሃ ኮዳ ሕይወት ነው። በእርጥቡ አገር ሕይወት የሚሆነው ነፋስ፣ ጥላ፣ ዕረፍትና ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ነው። በነገራችን ላይ ጫት የሰውነትን ሙቀት ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀ ስለሆነ፣ በእንዲህ ያለው አየር ቅሞ ሥራ መግባት በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር ሌሊቱ ነው። በጭሮ ፀሐይ ስትጠልቅ ደረቁና ቀጭኑ አየር ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ጋቢ ያስፈልገናል። የሐረር ጀጎል ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የሚጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ለቀን ያስቀምጣል። በባሕር ዳር ግን የውሃ ተን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናል፤ ባሕሩም ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት አይለቅም። በጅዳ የበጋ ሌሊት ከ27 ዲግሪ በታች አልወርድ የሚልባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። በጥንታዊቷ ጅዳ የቆሙት ረጃጅም ቤቶች ነፋስ የሚያሳልፉ ሰፋፊ የእንጨት መስኮቶች የተሠሩላቸው ወፍራም ግድግዳ ብቻውን እንደማያድን ስለ ታወቀ ነው።

ስለ ወራቱም እንጠንቀቅ። እኛ «ክረምት» ስንል ዝናብና ብርድ ይታየናል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ግን በሁለቱም ጠረፎች የከፋው የሙቀት ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጓዙን ጠቅልሎ የሚወጣ ወጣት ከዓመቱ መጥፎውን ወር መርጦ ይገባል ማለት ነው። ጅቡቲ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ድረስ የምትቻል ከተማ ናት፤ በጥር ቀትር ላይ 29 ዲግሪ ገደማ ነው። ጅዳም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ድረስ መልካም አየር አላት።

የመምረጥ ሥልጣን የነበራቸው ሰዎች ምን አደረጉ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ያስገርማል። የሳዑዲ መንግሥት በየዓመቱ የሙቀቱ ጊዜ ሲመጣ ከጅዳ ኋላ ወዳለችው ወደ ጣኢፍ ይወጣ ነበር። ጣኢፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ1800 ሜትር ትበልጣለች፤ ይህም የጭሮ ከፍታ ያህል መሆኑ ነው። የእንግሊዝ ሹማምንት በርበራን ትተው ሼክ ወደምትባለው ተራራማ ከተማ ይወጡ ነበር። የጅቡቲ ባለ ገንዘቦች ወደ አርታ፣ ሲመቻቸውም ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ይወጣሉ። በእኛም አገር የባቡሩ ሐዲድ በሚኤሶና በአሰቦት ሜዳ ሲዘረጋ፣ የጨርጨር ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አሰበ ተፈሪን ያቀኑት ከተራራው ላይ ነው። በየ1000 ሜትሩ አየሩ በ6.5 ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ ብናስብ ከጅቡቲ እስከ ጭሮ ያለው ከፍታ 12 ዲግሪ ገደማ ያስቀንሳል። አንድም ማቀዝቀዣ ሳይገዛ ማለት ነው።

በበኩሌ ምርጫው የእኔ ቢሆን ጅቡቲን እመርጣለሁ። ጅቡቲ ሙቀቷ የቀለለ ስለሆነች አይደለም፤ ቁጥሮቹ ይህን አይሉም። ጅቡቲን የሚያስመርጠኝ ክረምት ሲገባ ወደ ኋላ የሚመልስ ተራራ ያላት መሆኑ ነው። ሕጋዊ ወረቀት ይዞ በጥቅምት ወርዶ ሰርቶ በግንቦት ወደ ጨርጨር መመለስ ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠው አዲሱ ባቡርም ሚኤሶ ላይ ጣቢያ አለው። በጅዳ የሚኖር ያልተመዘገበ ስደተኛ ግን ጣኢፍ በቅርብ ርቀት እያለች ኬላ ስለሚፈራ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በሐጅ ወቅት በሳዑዲ መንግሥት መግለጫ 1301 ሰዎች በሙቀት ምክንያት ሲሞቱ ከመቶ 83ቱ ያልተመዘገቡና ማቀዝቀዣ ባለው ድንኳን የመጠለል መብት ያልነበራቸው ነበሩ። ሙቀቱ ለሁሉም አንድ ነበር፤ ጥላው ግን ለሁሉም አልነበረም። የመሻገሪያውን መንገድ አደጋ ማንም ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ብቻ በጅቡቲ ጠረፍ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው በአሥሮች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን አልቀዋል።

በሕጋዊ መንገድ የሚሄደውም ቢሆን መጠየቅ የሚገባው ነገር አለ። የሳዑዲ ደንብ በበጋ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ እ.ኤ.አ.፣ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት በፀሐይ ሥር ማሠራትን ይከለክላል። ደንቡ ፀሐይን አስቧል፤ መልካም ነው። በባሕር ዳር ግን ፀሐይ ዘወር ስትል የባሕሩ ነፋስ እርጥበቱን ይዞ ስለሚገባ የእርጥብ ቴርሞሜትሩ ንባብ እምብዛም አይወርድም። ስለዚህ ተቀጣሪው ስለ ደመወዙ ከጠየቀ በኋላ «የምተኛበት ክፍል ማቀዝቀዣ አለው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ መሠረት ለሚሄዱ ሠራተኞች ከጉዞ በፊት በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ይህ ጥያቄና ምክንያቱ አንድ ሰዓት ቢመደብለው ከሌላው ትምህርት የሚያንስ አይመስለኝም።

ከዚህ በተጨማሪ በሬዲዮ የሚነገረው የአየር ትንበያ «ከፍተኛው 36፣ ዝቅተኛው 22» ከማለት ባሻገር እርጥበቱንም ቢናገር ምን ይጎዳል? በተማርኩበት አገር ዳቦ ሻጩ ሳይቀር የእርጥበቱን መቶኛ ጠቅሶ ያማርር ነበር። በኛም ዘንድ ልማዱ ከትምህርት ቤት ሊጀምር ይችላል። የጭሮ፣ የበዴሳና የሚኤሶ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተራውንና እርጥቡን ቴርሞሜትር እያነበቡ ልዩነቱን ቢመዘግቡ፣ በበጋ ልዩነቱ ሰፍቶ በክረምት ሲጠብብ በዓይናቸው ያያሉ። የሚያስፈልጋቸው ሁለት ተራ ቴርሞሜትር፣ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ጨርቅና አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው።