የሩዙ ነገር ከወፍጮው በፊት

ሰሞኑን ለቤት ጤፍ ልሸምት እህል በረንዳ ጎራ ብዬ ነበር። ነጋዴው የፎገራ ሩዝ እያሳየኝ «ጋሼ፣ ትንሽ ያስቀላቅሉበት፤ ኑሮው በጤፍ ብቻ አይገፋም» አለኝ። አንድ እፍኝ አንስቼ አየሁት። ግማሹ ስብርባሪ ነው። ምነው ብለው «ወፍጮው ነዋ!» ብሎ አለፈው።

እኔ ግን ወፍጮው ብቻውን ተከሳሽ መሆኑ አልተዋጠልኝም። የደረሰ ሩዝ በወቅቱ ካልታጨደ ማሳ ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ወፍጮው የተሰነጠቀውን ይሰብረዋል። ሰፈሩ ሁሉ አንድ ዝርያ በአንድ ሰሞን ሲዘራ ደግሞ ማሳው ሁሉ በአንድ ሰሞን ይደርሳል። አጫጅ ከየት ይምጣ?

ከጣና በስተምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ሩዝ የለመደው በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ነው። ዛሬም ስሙ የሚጠራው «ኤክስ ጅግና» የዚያ ዘመን ዝርያ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ሩዝ ይስማማዋል። ዝናቡ ግን መስከረም ላይ ይሳሳል። ቆይቶ የሚደርስ ዝርያ ዘግይቶ ከተዘራ ዛላው የሚወጣው ውኃው ከሸሸ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ፎገራ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ዛላ ሊወጣ ሲል የጥቅምት ቁር ካገኘው ፍሬው ይመክናል። ገበሬው ሲወቃው የሚያገኘው ገለባ ነው።

«ታዲያ ቶሎ የሚደርስ ይዝራ» የሚል አይጠፋም። ሕግ ስለተማርኩ ይሁን፣ ነገሩ ይርጋን ያስታውሰኛል፤ ሲያጥር ክርክሩ ቶሎ ይቋጫል፣ ለዝግጅት ግን ጊዜ አይተውም። ቶሎ የሚደርሰው ሩዝ ከውኃ እጥረት ያመልጣል፤ እርጥበቱ ሳያልቅ ማሳውን ለጓያና ለሽምብራ ይለቃል። ነገር ግን ለማቆጥቆጥ ፋታ ስለማያገኝ ደህና ዝናብ ባለበት ዓመት ምርቱ ያንሳል። ከጎረቤት ማሳ ቀድሞ ሲበስልም የወፍ ሲሳይ ይሆናል። ስለዚህ በሰኔ መጀመሪያ የሚያዋጣው ዝርያ ሐምሌ ላይ ላያዋጣ ይችላል።

የቀኑ ጉዳይ ደግሞ በገበሬው እጅ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ በወቅቱ አልደረሰንም ብለው አቤት ማለታቸው ይታወሳል። በዚያው ሐምሌ ሕንድ ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይላክ አገደች፤ እገዳው የተነሳው በመስከረም 2017 ነው። አብዛኛውን ሩዟን ከውጭ ለምታስገባ አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለን። የየዝርያው ዕድሜም የተሰወረ ምሥጢር አይደለም። በዘር ማከፋፈያው ሰነድ ከኩንታሉ ጎን የመጨረሻው የመዝሪያ ቀን ቢጻፍ፣ ዝናብ ለዘገየበት ዓመትም ቶሎ የሚደርስ ዘር በመጋዘን ቢቀመጥ ማን ይከሰራል?

ለጊዜው እኔም ከስብርባሪው አምስት ኪሎ አስመዝኜ ተመልሻለሁ።