የወደቁት ስማቸው በቀዬአቸው ይጻፍ



አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ካለው የኮሪያ ዘማቾች መቃብር ፊት ቆሜ ያሰብኩት ጦር ሜዳ ስለቀሩት የማጀቴ ልጆች ነበር። በየወረዳችን ለጦር ሜዳ ሙታን የስም መዝገብ ይኑር እላለሁ።

ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከክብር ዘበኛ የተውጣጡ ነበሩ። ከ120 በላይ ወደቁ። አንድም ምርኮኛ አልሰጡም፤ ፑሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብርም ዛሬ የኢትዮጵያዊ አፅም የለም፤ ባሕር ተሻግሮ አገሩ ገብቷል። መንግሥት ከፈለገ ይችላል ማለት ነው።

ባድመ ግን ከኮሪያ ይልቅ ራቀብን። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር ከይፋት ከሄዱት ውስጥ ወደ ቤተሰባቸው መርዷቸው ብቻ የተመለሰ አሉ። ሙሾው ይወርዳል፣ ተዝካሩ ይወጣል፣ ሶደቃው ይደረጋል፤ መቃብር የለም። ከእነሱ በፊት ኤርትራና ኦጋዴን የቀሩትማ የባሰባቸው ናቸው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፤ ለአገር የወደቀው «የደርግ ወታደር» ተብሎ ቀረ። የሰው ልጅ ሞት መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ይረክሳል እንዴ?

ከበላያችን ያለው መንዝም ከዚህ መቃብር አልባነት አላመለጠም። በ1931 ዓ.ም. ጣሊያን በዘረት ዋሻ የተጠለሉትን የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች ከነቤተሰባቸው በመርዝ ጋዝ ጭምር ፈጃቸው፤ አፅማቸው ለአሥርት ዓመታት እዚያው ዋሻ ውስጥ ቀረ።

ከመዝገብ ሐውልት ይሻላል የሚሉኝ አሉ። ሐውልት ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ ያቆመው መንግሥት ሲሄድም አብሮ ይናቃል፤ አይተነዋል። መዝገብ የሚሻው ደብተርና የሚጽፍ ሰው ነው። እድሮቻችን ማን ቤት ማን እንደጎደለ አንድ በአንድ ያውቃሉ። ስም ከነአባት፣ የተወለደበት ቀበሌ፣ የዘመተበት ዓመት፣ ወሬው መጨረሻ የተሰማበት ግንባር ይጻፍ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መዝገብ እንዲሰፍሩ ቦታው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ቢሆን ይመረጣል።

እስከ ሸዋ ሮቢት የደረሰው የ2014ቱ ጦርነት ቁስሉ ስላልደረቀ ይቆይ የሚል ይኖራል። የባድመውም ያኔ ትኩስ ነበር፤ ዛሬ የሚያስታውሱት ወላጆች እያለፉ ነው። ስለዚህ የወረዳችን አስተዳደርና የእድር ዳኞች፣ እባካችሁ ከእነዚህ ወላጆች ጀምሩ፤ ቤት ለቤት ሄዳችሁ ጠይቋቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከማጀቴ