እረፍቱ የማን ነው?

የዛሬው ጨዋታችን ከወደ ባህር ማዶ ነው። እንግሊዝ አገር የምትኖር አንዲት እህታችን እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦

«ባለቤቴ ለነሐሴ የአንድ ሳምንት እረፍት አዘጋጅቻለሁ አለኝ። ሆቴል መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካስ ስኮትላንድ ውስጥ ማል የሚባል ደሴት ላይ ካራቫን ተከራይቷል። ምግብ የሚያቀርብ የለም፣ የምናበስለው ራሳችን ነን ይለኛል። ራሳችን ማለት እኔ ማለት እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ። ዓመቱን ሙሉ ቀን የሰው ቢሮ ሳጸዳ፣ ማታ ለእሱና ለ2 ልጆቼ ሳበስል ከርሜ፣ አሁን ደግሞ ምድጃ ቀይሬ ለማብሰል ያን ሁሉ መንገድ ልሂድ? አልሄድም ብለው ጥፋተኛ ነኝ ወይ?»

እህቴ፣ ጥፋተኛ አይደለሽም። ግን አልሄድም ከማለትሽ በፊት እስቲ አንዴ ስሚኝ። እኔም አምና በነሐሴ ከአንድ ዘመዴ ቤተሰብ ጋር እዚያው ደሴት ላይ፣ ካራቫን ውስጥ አንድ ሳምንት ሰንብቻለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ በወሬ የሰማሁትን አይደለም።

በመጀመሪያ፣ ካራቫን ሲባል መኪና የሚጎትተው ቤት ብቻ አይምሰልሽ። እንዲህ በሳምንት የሚከራየው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ቆሞ የሚኖር ነው። ረዘም ያለ የቆርቆሮ ቤት በይው። ጠባብ ጠባብ መኝታ ክፍሎች፣ ሶፋ፣ መጸዳጃና በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ ምድጃ አለው። መጋረጃውን ስትገልጪ የሚታይሽ በግና ባህር ነው።

ቁም ነገሩ ያለው ጠባብነቱ ላይ ነው። ቤታችሁ ወጥ ቤቱ በር ስላለው፣ አንቺ ስትንጎዳጎጂ ባለቤትሽ ሳሎን ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል እንጂ አንቺን አያይም። ካራቫን ውስጥ ግን መደበቂያ የለም። ሽንኩርት ስትከትፊ እሱም አብሮሽ ያለቅሳል። እኔ አብሬው የሰነበትኩት አባወራ በ2ኛው ቀን ማንም ሳያዘው ሳህን ማጠብ የጀመረው ድንገት ደግ ሆኖ አይደለም። ሚስቱ ቆማ እሱ ተቀምጦ፣ ያውም በ3 እርምጃ ርቀት፣ ሲተያዩ መዋል አሳፍሮት ነው።

አንቺ ግን እፍረት እስኪይዘው አትጠብቂ። ከመነሳታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ሳምንቱ 7 ቀን ነው። 3ቱን ቀን እሱ ያብስል፣ 3ቱን አንቺ፣ በቀረው ቀን ደግሞ ውጭ ብሉ። ቶበርሞሪ የምትባለው ባለቀለማት ቤቶች ከተማ ወደብ ላይ ትኩስ አሳና ድንች ጥብስ ይሸጣል። ፍልሰታን የምትጾሙ ከሆነ ደግሞ ለእሱ እንዲያውም ቀለለው። ሽሮና ምስር ለየትኛው ወንድ ይከብዳል?

እንጀራ እዚያ አገኛለሁ ብለሽ አትሂጂ። የ2 ወይም የ3 ቀን ያዢ፣ ከዚያ በኋላ በሩዝና በፓስታ ተወጡት። በርበሬና ሽሮ ግን አይረሳ። ኦባን ከምትባለው ከተማ የሚነሳው መርከብ 50 ደቂቃ ያህል ተጉዞ ክሬግኒዩር ያወርዳችኋል። እዚያ ያለው ሱቅ ትንሽ ነው፣ ቶበርሞሪ ደግሞ ከዚያ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ነፋስ ሲበረታ መርከብ የሚቀርበት ቀን ስላለ የአንድ ቀን ትርፍ ምግብ ይኑራችሁ። ለመኪናችሁም የመርከቡን ቦታ ቀደም ብላችሁ አስይዙ፣ በነሐሴ ይሞላል። አንሶላና ፎጣ ከኪራዩ ጋር መኖሩንም አከራዩን ጠይቁ።

አሁን የምነግርሽ ቀልድ የለውም። ቡና ያለከሰል አይጥመኝም ብለሽ ማንደጃ ካራቫን ውስጥ እንዳታስገቢ! ደጅ ሥጋ የተጠበሰበትንም ፍም ጠፍቷል ብላችሁ ለሙቀት አታስገቡ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። እንደዚያ ባለ ጠባብ ቤት ውስጥ ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ አሉ። እኛም አገር ከሰል ለኩሰው የተኙ ሰዎች ምን እንደሆኑ ታውቂያለሽ። ስትደርሱ፣ ሻንጣ ሳትፈቱ፣ የዚህ ጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወል መኖሩንና መሥራቱን እዩ። ቡናውን በጋዙ አፍይው። ከሰሉ ቢቀር ጨዋታው አይቀርም።

ዝናብ በነሐሴም ቢሆን አይጠፋም፣ ስለዚህ ለልጆቹ የዝናብ ልብስና ቦቲ ጫማ ያዢ። ሚጅ የምትባል ከ2 ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ትንኝም አለች። ወባ አታመጣም፣ ግን ነፋስ በሌለበት ጧትና ማታ በመንጋ መጥታ ታሳክካለች። መከላከያ ቅባት ግዢ፣ ነፋስ ሲነፍስ ደግሞ አመስግኚ።

የገጠሩ መንገድ አብዛኛው አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። በየመሀሉ መጠባበቂያ ቦታ አለው፣ አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል፣ እጅ ነስተው ይለያያሉ። ለትዳርም እንዲህ ያለ መጠባበቂያ ቦታ በየመሀሉ ቢኖር ስንቱ ግጭት በቀረ ነበር!

በዚሁ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ፊዮንፎርት ስትደርሱ፣ መኪናውን ትታችሁ በ10 ደቂቃ ጀልባ አዮና ደሴት ትገባላችሁ። ቅዱስ ኮሎምባ ከአየርላንድ መጥቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ563 ገዳም የመሠረተባት ናት። የጣናን ገዳማት የሚያውቅ ሰው እዚያ እግሩ ሲረግጥ ባዕድ አገር ያለ አይመስለውም። በነሐሴ መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ራት ተበልቶ፣ ሳህን ታጥቦ፣ ልጆች ባህሩ ዳር ሲሯሯጡ ለማየት ጊዜ ይተርፋል። ይህን ቁጭ ብለሽ ካላየሽው እውነትም ባትሄጂ ይሻልሻል።

አንተም ባለቤቷ፣ ይህን ካነበብክ ልንገርህ። ቦታውን መምረጥህ ጥሩ ነው፣ ገንዘቡንም ከፍለሃል። የከፈልከው ግን የቤቱን ኪራይ እንጂ የእሷን ድካም አይደለም። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ። የ4 ሰው ሳህንም እንደዚያው ነው።

እህቴ፣ ይህን ሁሉ ነግረሽው እሺ ካለ ሻንጣሽን አዘጋጂ። እምቢ ካለ ግን እሱ ልጆቹን ይዞ ይሂድና አንቺ ቤትሽ እግርሽን ዘርግተሽ እረፊ። እሱም እረፍት ነው።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ሳምንት ሰው ይበለን፣ ቸር ሰንብቱ!