ሁለት ጣሳ አንድ ላይ

ጂም የጀመረ የነቀምቴ ልጅ በምን ይታወቃል? በቲሸርቱ ጥበት እንዳትሉኝ! (እሱም አለ።) በጣሳው ነው። አንደኛው ጣሳ አሚኖ አሲድ፣ ጡንቻ ያወጣል የተባለ። ሁለተኛው አንቲኦክሲዳንት፣ ቫይታሚን ሲ እና ኢ የታጨቀበት። ለምን ሁለቱን አንድ ላይ? «ይደጋገፋሉ» ይላችኋል። ማን ነገረህ? ሻጩ!

እሺ ወንድሜ፣ ሻጩ ያልነገረህን እኔ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ የጀርመን ጥናት ታተመ። ወጣት ወንዶች ለአራት ሳምንት ስፖርት ሠሩ፤ ግማሾቹ በየቀኑ 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ እና 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ዋጡ። ስፖርቱ ሰውነታቸው ኢንሱሊንን የሚጠቀምበትን አቅም ያሻሻለው ክኒኑን ላልዋጡት ብቻ ሆነ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ስትሠራ ጡንቻህ ውስጥ የሚፈጠረው፣ ሻጩ «መርዝ» የሚልህ ነገር፣ ሰውነትህን «ተጠናከር» ብሎ የሚቀሰቅሰው ራሱ ነው። እሱን በክኒን አፍነህ ብረት ማንሳት በወንፊት ውሃ መቅዳት አይደለም ወይ?

«ሁለቱን ማጣመር እኮ በሳይንስ ተሞክሯል» የሚል አይጠፋም። ተሞክሯል። ግላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ከኤን አሴቲል ሲስቲን ጋር ተሰጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የሂውስተን ጥናት በ24 አዛውንቶች ላይ ደስ የሚል ውጤት አሳየ። አስተውሉ፣ 24፣ ያውም አዛውንቶች! በ2022 የታተመው፣ 114 ጤነኛ አዛውንቶች ለሁለት ሳምንት የወሰዱበት ጥናት ደግሞ ጉዳት ባያሳይም፣ የተጠበቀውን ዋና ለውጥ አላመጣም። ከዚህ ተነስቶ ለ22 ዓመት ጎረምሳ ጣሳ መሸጥ ድፍረት ነው።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። ወለጋ ውስጥ እውነተኛ የአሚኖ አሲድ ችግር አለ፤ ጂም ውስጥ አይደለም እንጂ። በቆሎ ላይሲን እና ትሪፕቶፋን የሚባሉት ያንሱታል። ጡት የጣለ ሕፃን በበቆሎ ገንፎ ብቻ ሲያድግ እድገቱን ወደኋላ ከሚጎትቱት አንዱ ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2008 እነዚህ ሁለቱ የበረከቱበት ቢጫ በቆሎ አውጥቷል። (ስንቶቻችን ሰምተናል?) ዘሩን ያላገኘም ባቄላና አተር አለለት፤ በቆሎ የጎደለውን ላይሲን ጥራጥሬ ይሞላል። ለጎረምሳውም ያው ነው፦ ቂጣ በሽሮ፣ ሲገኝ ደግሞ እንቁላል።

በጣሳው ዋጋ ስንት ኪሎ ባቄላ እንደሚገዛ እናቱን ይጠይቃት። ገበያ የምትወጣው እሷ ናት።