እበቱም እንደ ሊጥ ብርድ አይወድም
ልጆች፣ በጥር ወር ቶሮንቶ ውስጥ የእንጀራ ሊጥ ቶሎ ኩፍ አይልም። ስለዚህ ብዙ እናቶች ቡሃቃውን ማሞቂያ አጠገብ ያስቀምጡታል። ሊጡን የሚያቦኩት ጥቃቅን ተሕዋስያን ሙቀት ይወዳሉ። ከከብት እበት ባዮጋዝ የሚሠሩትም እንደዚያው ናቸው።

እዚሁ ስካርቦሮ፣ ከቶሮንቶ ዙ አጠገብ፣ ዙሼር የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቋመው የባዮጋዝ ጣቢያ አለ። የእንስሳቱን ፍግ ከምግብ ትርፍራፊ ጋር ቀላቅሎ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። አቅሙ 500 ኪሎዋት ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ለገበሬዎች የባዮጋዝ ጉድጓድ ሲያስገነባ ቆይቷል። አንድ ቤተሰብ ቢያንስ አራት ከብት ያስፈልገዋል። እበቱ በየቀኑ ከእኩል ውሃ ጋር ይበጠበጣል፤ ከዚያም አየር ወደማይገባበት ጉድጓድ ይገባል።

ተሕዋስያኑ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በደንብ ይሠራሉ። ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ጋዙ በጣም ይቀንሳል። ጉድጓዱ ከመሬት በታች የሚሠራው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ አፈሩ እንደ ጋቢ ያሞቀዋል። በደጋ አገር እበቱ ለረጅም ጊዜ መቆየት ስላለበት ጉድጓዱም ሰፋ ማለት አለበት።

ከሊጥ የሚለይበት ነገርም አለ። ሊጥ ሲኮመጥጥ ጥሩ ነው። ጉድጓዱ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ከተጨመረበት ይኮመጥጣል፤ ጋዙም ይቆማል።

ጋዙ ጭስ የለውም፤ ለእናቶች ዓይንና ሳንባ ትልቅ እፎይታ ነው። የሚቀረው ዝቃጭም ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ነገር ግን ውሃው ሩቅ ከሆነ የሚቀዱት ብዙ ጊዜ እናቶችና ሴት ልጆች ናቸው። የእንጀራ ምጣድም ብዙ ሙቀት ስለሚፈልግ፣ ወጡ በጋዝ ቢሠራም እንጀራው በብዙ ቤቶች አሁንም በእንጨት ይጋገራል። ጋዝ የገባበት ቤት ሁሉ ከጭስ ነጻ ወጣ ማለት አይቻልም።

የሳምንቱ ቃላት
እበት፦ እርጥብ የከብት አዛባ
ኩበት፦ ተጠፍጥፎ የደረቀ እበት፤ ለማገዶ ይሆናል
ፍግ፦ ለማዳበሪያ የሚሆን የእንስሳት አዛባ
መበጥበጥ፦ ከውሃ ጋር ማዋሐድ

ለቤተሰብ ጥያቄ፦ አያቶቻችሁ በልጅነታቸው ቤታቸው ውስጥ ምን ይነድ ነበር? እንጨት፣ ኩበት ወይስ ከሰል? ጠይቋቸውና መልሱን በአማርኛ ጻፉ።