አፍ መፍታት የዘገየበት ልጅና የቃል ጽሕፈት ደብተሩ

ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ኮኪት፣ ሕፃናት ሰሊጥን የሚያውቁት ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ነው። እንበልና አንድ መምህር ይህንኑ ቃል በቃል ጽሕፈት ጊዜ ጠሩት። አንዱ ተማሪ «ሰሊጥ»፣ ሌላው «ሠሊጥ»፣ ሦስተኛው «ሰሊት»፣ አራተኛው «ሰጢል» ብሎ ደብተሩን ያስረክባል። ቀዩ እስክሪብቶ ከመጀመሪያው በቀር ሁሉንም በአንድ ዓይነት የኤክስ ምልክት ይሰርዛቸዋል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች የምንቃወመው ይህንኑ ልማድ ነው።

የ«ሰ» እና የ«ሠ» ልዩነት በጥንቱ ግእዝ የድምፅ ልዩነት ነበር፤ በአማርኛ ግን ሁለቱ አንድ ድምፅ ሆነዋል። የ«ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ የ«አ፣ ዐ» እና የ«ጸ፣ ፀ» ነገርም እንዲሁ ነው። በዚህ የሚሳሳት ልጅ ጆሮው ጤናማ ነው፤ ያላስታወሰው የቃሉን መልክ ብቻ ነው። (እኛም «ጽሑፍ» ወይስ «ፅሁፍ» በሚለው ተከራክረናል።) «ሰጢል» ብሎ የጻፈው ልጅ ግን ሌላ ነገር እየነገረን ነው። በቃሉ ውስጥ ያሉትን ድምፆች በቅደም ተከተል ለይቶ መያዝ አልቻለም። እንዲህ ያለው ስሕተት በየገጹ ሲደጋገም፣ ልጁም በሌላው ትምህርት ንቁ ሆኖ ሲገኝ፣ ዳይስሌክሲያ የተባለውን የንባብና የጽሕፈት እክል መጠርጠር ይገባል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1896 ስለዚህ እክል ሲጽፍ ያቀረበው ብላቴና ብሩህ ሆኖ ሳለ የገዛ ስሙን «ፐርሲ»ን እንኳ ፊደል አዛብቶ ይጽፍ ነበር።

የእክሉ ምልክት ከትምህርት ቤት በፊት ሊታይ ይችላል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሆሊስ ስካርቦሮ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው ጥናት፣ በኋላ ዳይስሌክሲያ የታየባቸው ልጆች ገና በሁለት ዓመት ተኩል ዕድሜያቸው ዓረፍተ ነገራቸው አጭር፣ የድምፅ አወጣጣቸውም የተዛባ እንደነበር አሳይታለች። አፍ መፍታት የዘገየበት ልጅ ሁሉ ግን ዳይስሌክሲያ አለበት ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ እኩዮቻቸውን ይደርሱባቸዋል።

የእኛ ፊደልም የራሱን ሸክም ይጨምራል። 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ ሲረቡ 231 ይሆናሉ፤ ብዙዎቹም የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ወይም ቀለበት ነው። ከዚህ ሌላ ፊደሉ ማጥበቅንና ማላላትን አያሳይም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ሌላ፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። አንባቢው የሚለየው ከዐውዱ፣ ማለትም ቀድሞ በቃል ካካበተው ቋንቋ ነው። ቋንቋው ዘግይቶ የመጣ ልጅ ይህ ስንቅ ይጎድለዋል።

በኮኪት አካባቢ ጉዳዩን የሚያወሳስበው «ሰሊት» ብሎ የጻፈው ሦስተኛው ልጅ ነው። በመተማ ቆላ ከአማርኛ ሌላ ጉሙዝኛም ዐረብኛም ይሰማል፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ በመተማ በኩል የገቡ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። አፉን በዐረብኛ የፈታ ልጅ የአማርኛውን «ጥ» በትክክል ባይይዘው እክል የለበትም፤ አዲስ ቋንቋ እየተማረ ነው። ሁለት ቋንቋ መስማትም የቋንቋ መዘግየትን አያመጣም። ስለዚህ ጥያቄው «አማርኛ መቼ ጀመረ?» ሳይሆን «በእናቱ ቋንቋ መቼ ተናገረ?» መሆን አለበት።

ይህን ለመጠየቅ ደግሞ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። አንደኛ ክፍል ሲመዘገብ እናቲቱን፣ ልጁ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል አገናኝቶ ይናገር ነበር ወይ፣ ጆሮውን እያመመው መግል ይወጣው ነበር ወይ፣ ከቤተሰቡስ ማንበብ የተቸገረ ሰው አለ ወይ ብሎ መመዝገብ ይቻላል። ጆሮው የሚጠረጠር ከሆነ ቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ የማይሰማን ልጅ ፊደል አልያዘም ብሎ መፍረድ ግፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ይህን ሁሉ በዳይስሌክሲያ ማመካኘት ስሕተት ነው፤ መጽሐፍ ያጣ፣ በአጨዳ ወራት ከትምህርት የሚቀር ልጅ ብዙ ነው። ነገር ግን ሁሉም አብረው ሲወድቁ እክል ያለበት ልጅ በመካከላቸው ተሸሽጎ ይቀራል። «ሰነፍ» ተብሎም ወደ ሰሊጥ ማሳው ይመለሳል። መምህሩ በደብተሩ ኅዳግ ላይ በኤክስ ፈንታ «የመልክ»፣ «የድምፅ»፣ «የቅደም ተከተል» እያሉ የስሕተቱን ዓይነት ቢጽፉ፣ በሁለት ወር ውስጥ የትኛው ልጅ ቃላትን በጭብጨባ እየከፈለ፣ ፊደሉን በአሸዋ ላይ እየጻፈ ቀስ ብሎ መማር እንደሚያስፈልገው ደብተሩ ራሱ ያሳያቸዋል።